ስም በኪራይ

ድሮ ሱቅ ለመክፈት ቁልፍ፣ ሚዛንና አንድ ሰዓሊ ይበቃ ነበር። ሰዓሊው ቆርቆሮው ላይ ስምህን በቀይ ቀለም ይጽፍልሃል፣ ከጎኑ ዛላ በርበሬ ወይም አውራ ዶሮ ይስልበታል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ፊደል ቢገድፍ ደንበኛው አንብቦ ይስቃል፤ ስቆም ይገባል። "ይህ ስም በሌላ ሰው ተይዟል" የሚልህ አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ "ሰላም" የሚባል ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ዳቦ ቤትና ጋራዥ ስንት እንደሆነ ቆጥሮ የጨረሰ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ሁሉም ሰላም ናቸው፤ ሁሉም በሰላም ይኖራሉ። ዶት ኮም ላይ ግን ሰላም አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ቀድሞ የነቃ ወስዶታል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በባለቤቴ ምክንያት ነው። ባልትና ትሸጣለች። በርበሬዋና ሽሮዋ በዘመድ ሻንጣ ተሸጉጦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ይሄዳል። ልጆቹ ተሰብስበው "እቴቴ ዌብሳይት ያስፈልጋታል" ብለው ወሰኑ። የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ መጣና፣

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ዶሜን እንግዛ" አለኝ።

"ዶሜን ደግሞ ምንድን ነው?"

"የድረ ገጹ ስም ነው።"

"ስም እኮ አላት! የክርስትናዋን ስትጨምር ሁለት አላት።"

ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። በየዓመቱ በዶላር የሚያስከፍል መልአክ ግን የገጠመኝ በስተርጅና ነው።

በመጀመሪያ የተጣላነው በአጻጻፉ ነው። የባለቤቴ ስም በፀሐዩ "ፀ" ይጀምራል። ይህቺን ፊደል ፈረንጅ የላትም። ስለዚህ ፓስፖርቷ ላይ "ቲ" እና "ኤስ" ሆናለች፤ የባንክ ደብተሯ ላይ "ቲ" እና "ዜድ"፤ ከውጭ የሚላክላት ብር ላይ ደግሞ "ኤስ" ብቻዋን ቀርታለች። አንድ ሴት፣ ሦስት ሰው። የእህቴ ልጅ መፍትሔ አያጣም፦ "ጋሼ፣ ሦስቱንም እንግዛቸው። ሰው ተሳስቶ ቢጽፍ እንኳ እኛው ጋ ይመጣል።" ትልልቆቹ ኩባንያዎችም እንዲህ ያደርጋሉ አለኝ። ያድርጉ! እኔ ሰው ለሚሳሳተው ስህተት አስቀድሜ ከኪሴ የምከፍልበት ምን ዕዳ አለብኝ?

"በገዛ ፊደላችን አይጻፍም ወይ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሥርዓቱ መጀመሪያ የተሠራው ለሃያ ስድስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ለአሥሩ ቁጥሮችና ለአንዲት ሰረዝ ነው አሉ። በኋላ ለሌላውም ዓለም ፊደል መንገድ ተበጀለት፤ ነገር ግን ሁሉም ቅጥያ (ያ እንደ ዶት ኮም ያለው ጭራ) ሁሉንም ፊደል አይቀበልም፤ የሚቀበለውም ቢሆን ስሙን ከጓዳ አስገብቶ በ"ኤክስ"፣ "ኤን" እና በሁለት ሰረዝ ወደሚጀምር ዝብርቅርቅ ይለውጠዋል። ልጁ የእኛን ለውጦ አሳየኝ። የከብት መድኃኒት ስም ይመስላል። በዚያ ላይ አንዱ በጸሎቱ "ጸ" ቢጽፈው ሌላ ስም ነው፣ ሌላ ሱቅ ነው። የቄስ ትምህርት ያልዘለቀ ሰው በርበሬ ሊገዛ አይችልም ማለት ነው።

ርዝመቱ ላይ እንኳ ቸር ናቸው። ከነጥቡ በፊት እስከ 63 ፊደል ይፈቀዳል። አንድ የድሮ ደጃዝማች ከነሙሉ ማዕረጉ፣ ከነፈረስ ስሙ ቢመዘገብ ይበቃዋል።

ታዲያ አጭሩን፣ ስሟን ብቻዋን ስንሞክር "ተይዟል" አለ። ማን ያዘው? ገብተን አየን። ገጹ ላይ ሱቅ የለም፣ ሰው የለም፣ ሥራ የለም፤ "ይህ ስም ይሸጣል" የሚል ጽሑፍ ብቻ። ዋጋው ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ። የባለቤቱ ማንነት ተሸፍኗል። ልብ በሉልኝ፤ የሚስቴን ስም ለሚስቴ በሁለት ሺህ ዶላር! ልጁ ደግሞ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 "ቮይስ" የምትል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ከነዶት ኮሟ በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች አለኝ። ከዚያ በኋላ ሻይ አምጡልኝ አልኩ።

ያንገበገበኝ ግን ዋጋው አይደለም፤ ታሪኩ ነው። ይህ የስም አሠራር የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ፣ ፖል ሞካፔትሪስ በሚባል ሰው ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ስለነበሩ ስማቸው በአንድ መዝገብ ተጽፎ ይታደል ነበር። የመጀመሪያው ዶት ኮም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1985 ሲሆን፣ የወሰደው ሲምቦሊክስ የተባለ የማሳቹሴትስ ኮምፒውተር ሠሪ ነው። ያን ዓመት ሙሉ ዶት ኮም የወሰዱት ስድስት ብቻ ናቸው። ስድስት! ክፍያው ደግሞ ምንም። እስከ 1995 ድረስ ስም የሚታደለው በነጻ ነበር፤ ከዚያ ነው ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል የተጀመረው።

ያ የ1985 ማርች በእኛ የ1977ቱ መጋቢት ነው። ወሎና ትግራይ ሰው በረሃብ እየረገፈ፣ አገሩ ሁሉ እህል ከየት ይምጣ ሲል፣ ማንም መጥቶ "ባሕር ማዶ ስም በነጻ እየታደለ ነው፣ ተሰለፉ" አላለንም። ብንሰማስ ማን ይሰለፍ ነበር። ያ ሲምቦሊክስ ራሱ ኋላ ከሰመ፤ ስሙ ግን በ2009 ለሌላ ባለሀብት ተሸጠ። ዛሬም አለ።

ቅጥያው ደግሞ ሌላ ዕጣ ነው። ለየአገሩ ሁለት ሁለት ፊደል ተመድቧል። ቱቫሉ የምትባል የፓስፊክ ደሴቶች አገር "ቲቪ" ደረሳት፤ የዓለም ቴሌቪዥን ሁሉ ኪራይ ይከፍላታል። አንጉዊላ የምትባል፣ ሕዝቧ ሃያ ሺህ የማይሞላ የካሪቢያን ደሴት ደግሞ "ኤአይ" ደረሳት። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲመጣ ዓለም ሁሉ በሯ ላይ ተሰለፈ፤ በ2023 ብቻ ከዚያች ቅጥያ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘች፤ ይህም የመንግሥቷን ገቢ አንድ አምስተኛ ያህላል። ለእኛስ? "ኢቲ"። ኢቲ ማለት ለፈረንጅ ስፒልበርግ በ1982 ባወጣው ፊልም ውስጥ ያለ፣ አንገቱ እንደ ሰንበሌጥ የሚመዘዝ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ነው። የሚለምነውም አንድ ነገር ነው፤ አገሬ ስልክ ልደውል ይላል። የባሕር ማዶ ዘመዶቻችንን ሳስብ ምደባው ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው ለማለት ይከብደኛል። ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በ"ጎቭ ዶት ኢቲ" ያውቁታል። እኔ እሱን እንውሰድ ብዬ ነበር። ልጆቹ "የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ዶት ኮም ነው የሚለምደው" ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ተሸነፍኩ።

በመጨረሻ ስሟ ላይ "ባልትና" ቀጥለን ነጻ የሆነ አገኘን። "እንግዛው" አለ የእህቴ ልጅ። የገዛ መሰለኝ። ለካ ግዢ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም! ብትጮህ፣ ብትከፍል፣ በአንድ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ አይሰጡህም። ዓመቱ ሲደርስ ካልከፈልክ ይነጠቃል። የቀበሌ ቤት ነው በሉት፤ የቀበሌ ቤት እንኳ ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ አይተናል።

ዋጋውም እንደ ሙሽራ ተከናንቦ ነው የሚመጣ። የመጀመሪያው ዓመት ርካሽ ይሆንና የሁለተኛው ዓመት ዋጋ ታች በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። ዶት ኮምን የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን ለሻጮቹ በጅምላ የሚሰጥበት ዋጋ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ወደ 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ በ1 ዶላር የሚሰጥህ ሰው ወዳጅህ ስለሆነ አይደለም። መክፈያው ላይ ስትደርስ ደግሞ ሳታዝዘው ኢሜይል፣ ጥበቃ፣ መሸፈኛ እየተባለ ሳጥኑ ሁሉ ምልክት ተደርጎበት ይጠብቅሃል። ብሩም አላገዘንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከመቶ አለፈ። ያው ስም፣ ያው ፊደል፣ እጥፍ ብር።

የእኔ የባንክ ካርድ ለዚህ አይሠራም። ታላቁ ልጄ ከሜሪላንድ በካርዱ ከፈለ፤ መዝገቡም በእሱ ስምና በእሱ ኢሜይል ሆነ። እዚህ ላይ ጮኽኩ። ባለቤቴ "ልጄ አይደል እንዴ!" አለች። ልጅሽ ነው፤ ግን ኢሜይሉን አያነብም። የማሳደሻው ማስታወቂያ የሚሄደው ለእሱ ነው። ጊዜው ካለፈ ሻጩ እንደ ፈቀደ እስከ 45 ቀን ይታገሳል፤ ከዚያ 30 ቀን ከባድ መቀጫ እየከፈልክ የምታስመልስበት ነው፤ ከዚያ 5 ቀን፤ ከዚያ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። እሷን ደቂቃ የሚጠብቁ ማሽኖች አሉ። ማይክሮሶፍት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1999 የፈረንጅ ገና ዋዜማ የአንድ ስሙን ኪራይ ረስቶ የሆትሜይል ደንበኞቹ በር ላይ ቀርተዋል፤ አንድ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው ከኪሱ 35 ዶላር የከፈለለት። ለእኛ ማን ይከፍልልናል?

ሰፈራችን ያለ አንድ ልብስ ሰፊም ዌብሳይቱን የሠራለት ጎረምሳ ስሙን በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦ ዱባይ ሄደ። ስልኩ ተቀየረ፣ ኪራዩ አልተከፈለም። ዛሬ የሐበሻ ቀሚስ ፈልጎ ያን አድራሻ የሚከፍት ሰው የቁማር ማስታወቂያ ነው የሚያገኘው። ሰውዬው አዲስ ቢዝነስ ካርድ አሳትሟል፤ አሮጌዎቹ በየሠርግ ቤቱ ተበትነዋል።

እኔ ልጄን ደውዬ ተጨቃጭቄ መዝገቡን በእናቱ ስም አስዞርኩ። እናንተም ሱቃችሁ ዌብሳይት ካለው ዛሬውኑ ጠይቁ፦ ዶሜኑ በማን ስም ነው? በማን ኢሜይል ነው? መቼ ያልቃል? መልሱን የሚያውቀው ሠሪው ልጅ ብቻ ከሆነ፣ ሳይሄድባችሁ ያዙት።

አንተ ደግሞ፣ የሚስቴን ስም ይዘህ የተቀመጥክ ሰው፣ ይህን የምታነብ ከሆነ ዋጋህን ቀንስ። አንድ ኪሎ በርበሬ እንመርቅልሃለን።