ግድግዳውና የሚሰፋው ልጅ

ተረት ተረት። በለንደን ሰሜናዊ ክፍል፣ ዉድ ግሪን በሚባል የገበያ ሰፈር፣ አንድ የሱቅ ግድግዳ ነበር። ሱቁ ዕቃውን በአንድ ፓውንድ የሚሸጥ፣ ኪሱ የሳሳ ሁሉ የሚሸምትበት ነበር። ግድግዳውን ግን ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም፤ የሰከረ ይደገፈዋል፣ ውሻ እግሩን ያነሳበታል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2012፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ የነገሡበት 60ኛ ዓመት ሊከበር ከተማው በባንዲራ ባሸበረቀበት ሰሞን፣ ባንክሲ የሚሉት ፊቱን የማያሳይ ሠዓሊ መጥቶ አንድ ልጅ ሣለበት። ልጁ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ተንበርክኮ በስፌት መኪና ይሰፋል። ቀለም ያላቸው ከመኪናው የሚወጡት ትንንሽ የብሪታንያ ባንዲራዎች ብቻ ናቸው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከሱቁ ወጣች። በአንድ እጇ ልጇን፣ በሌላው ፌስታል ይዛለች፤ ከፌስታሉ አፍ ለበዓሉ የገዛችው የባንዲራ ጌጥ ተንጠልጥሏል። ትንሹ ልጅ ድንገት ቆመና፣ “እማዬ፣ ይሄ ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድም?” አላት። እናቲቱ ሥዕሉን አየች፣ ፌስታሉን አየች፣ እንደገና ሥዕሉን አየች። ከዚያ ባንዲራውን ጎትታ አወጣችና የት አገር እንደተሠራ የሚናገረውን ጽሑፍ እያገላበጠች ፈለገች። ጣሪያ ላይ የነበረችው እመት ርግብ ይህን ሁሉ አይታለች። እኔ እንደማምነው ሥዕሉ ተሠርቶ ያለቀው ያኔ ነው፤ ሱቁ፣ ፌስታሉና የሚሰፋው ልጅ በአንድ ዓይን ሲታዩ።

ወሬው አያ ቀበሮ ዘንድ ደረሰ። መጥቶም ግድግዳውን እንዲህ አለው፦ “እዚህ ዝናቡ አይምረውም። አንዱ ጎረምሳ ነገ ቀለም ይደፋበታል። እኔ መብራትና ዘበኛ ያለበት ቤት አስገባዋለሁ። ደግሞስ ግድግዳው ባለቤት የለውም? የግድግዳው ባለቤት የሥዕሉም ባለቤት ነው።”

የቀበሮ ነገር ሁሉ ውሸት አልነበረም። የጎዳና ሥዕል ዕድሜው አጭር ነው፤ የሚሥለውም ሰው ይህን እያወቀ ይሥላል።

“ጡቡስ ባለቤት አለው” አለ ግድግዳው። “ግን ልጁን ከእኔ ላይ ስትነቅል ሱቁንም አብረህ ትወስዳለህ? ፌስታል የያዘችውንስ እናት?”

አያ ቀበሮ መልስ አልነበረውም። መጋዝ ግን ነበረው።

በፌብሩዋሪ 2013 ልጁ ከነጡቡ ተቆርጦ ወጣ፤ አትላንቲክን ተሻግሮም ማያሚ ላይ ለጨረታ ቀረበ። የዉድ ግሪን ሰው ተቃውሞ ወጣ፤ የአካባቢው ምክር ቤትም ድምፁን አሰማ። ከጨረታው ተነሣ፤ ወደ ግድግዳው ግን አልተመለሰም። በዚያው ዓመት ጁን ላይ እዚያው ለንደን ውስጥ ተሸጠ።

እመት ርግብ ፈልጋ ፈልጋ አገኘችው። ዝናብ የማይነካው፣ ብርሃኑ የተስተካከለለት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰዎች ብርጭቆ ይዘው ዙሪያውን ቆመዋል፤ ስለ መስመሩ ያወራሉ፣ ስለ ዋጋው ያወራሉ።

“ተመችቶሃል?” አለችው።

“እንክብካቤውስ ደህና ነው” አላት ልጁ። “አንዲት ወጣት ሴት ብዙ ሰዓት ቆማ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሌሎቹ ግን ባንዲራውን ማን እንደሚገዛ አይጠይቁኝም። እዚያ ሰፈር ሳለሁ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ በሩ ከጎኔ ነው፣ ገዢው በፊቴ ያልፋል።”

ልጁ በተነቀለ ሰሞን ደግሞ እዚያው ጠባሳው አጠገብ አንዲት አይጥ ተሥላ ተገኝታ ነበር። እጇ ላይ “ለምን?” የሚል ጽሑፍ ይዛለች። አላፊ አግዳሚው እንደገና መቆም ጀመረ፤ የማያውቀው የሚያውቀውን ይጠይቃል፣ የሚያውቀው ከመጀመሪያው ይተርክለታል። አያ ቀበሮም ሰው ሲሰበሰብ አይቶ መጣ። አይጢቱን ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ በስንዝር ለካት።

“ይህቺስ ስንት ታወጣለች?” አለ።

“ቀድማ የጠየቀችህ እሷ ናት” አለው ግድግዳው። “መጀመሪያ ለእሷ መልስላት።”