ለአስጀማሪዎቻችን ሜዳሊያ!

የአርሲን ደጋ ዓለም የሚያውቀው በጨራሾቹ ነው። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ መስከረም 1993 ሲድኒ ላይ 25 ዙር ሮጦ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ከባርሴሎና ለጥቁር አፍሪካዊት ሴት የመጀመሪያ የሆነውን የኦሎምፒክ ወርቅ ይዛ ስትመጣ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም እሷን ተከትለው ሜዳሊያውን ሲለቅሙት፣ አገር ትንፋሹን ውጦ የጠበቀው የመጨረሻዋን ዙር ነው። ሽጉጥ ሲተኮስ ስለተነሡ ያመሰገናቸው የለም። ይህ ፍትሕ ነው? መጀመርስ ላብ የለውም?

ምስጋና ለወረዳዎቻችን ይግባና ይህ የቆየ በደል እየተካሰ ነው። ከሴሩ እስከ ሙኔሳ፣ ከኢተያ እስከ በቆጂ የሚወጣውን የመንግሥት ዜና የተከታተለ ሰው መጀመር ምን ያህል ክብር እንዳገኘ ያያል። መስኖ ይጀመራል። የገጠር መንገድ ይጀመራል። የወጣቶች ማዕከል ይጀመራል። የሚጀመር ሥራ በጠፋበት ሳምንት ደግሞ ንቅናቄ ይጀመራል፤ ንቅናቄው ካልደረሰ የንቅናቄው የማስጀመሪያ ምክክር በይፋ ይጀመራል። አልቆ አገልግሎት መስጠት ጀመረ የሚል ዜና ጨርሶ የለም አልልም። አለ፤ እንደ ጳጉሜ ስድስተኛ ቀን ተራውን ጠብቆ ብቅ ይላል።

የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ያላየ ካለ ልንገረው። ሥነ ሥርዓቱ ለ3 ሰዓት ይጠራል፣ እንግዶቹ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳሉ። ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ በጭላሎ ተራራ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። ተማሪዎች ትምህርት ተዘግቶ ባንዲራ ይዘው ተሰልፈዋል። ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አሸብርቀው ዳርና ዳር ይዘዋል። ድንኳን አለ፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አለ፣ ከፊት ለክቡራን እንግዶች ሶፋ አለ፤ ሶፋው ፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ የታሸገ ውኃ ተደርድሯል። የሚጀመረው የመጠጥ ውኃ ፕሮጀክት ነው እንበል። እንግዲያው ቀበሌው በዚያ ዓመት ያየው ንጹሕ ውኃ ጠረጴዛው ላይ ያለው ነው፤ እሱም በፒካፕ ከከተማ ተጭኖ የመጣ።

ክቡር እንግዳው ገመዷን ይስባሉ። መጋረጃዋ ትወርዳለች። እምነበረዱ ላይ ስማቸው ከነማዕረጉ፣ ቀኑ ከነዓመተ ምሕረቱ ተቀርጿል። ከዚያ የግንበኛ ማንኪያ ይቀበሉና ሲሚንቶ ጣል ያደርጋሉ። ካሜራ የያዘው ልጅ አልያዘለትምና «እስቲ ይድገሙት፣ ክቡርነትዎ» ይላል። ይደግሙታል። ከዚያን ቀን ወዲያ ያ ፕሮጀክት ሲሚንቶ አያይም። እምነበረዱ ላይ የማይጻፉ ሁለት ነገሮች አሉ፦ ገንዘቡ ስንት እንደሆነና ሥራው መቼ እንደሚያልቅ። ምናልባት ቦታ አጥሮ ይሆናል፤ የእንግዳው ማዕረግ ረጅም ነው።

ድንጋዩ ግን ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ክረምት ሲገባ ገበያ የመጣ ገበሬ ፈረሱን ያስርበታል። ከብት ይታከክበታል። ልጆች የጎል ቋሚ ያደርጉታል፤ ሁለተኛው ቋሚ ደግሞ ከሁለት አስተዳዳሪ በኋላ፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ለዚያው ፕሮጀክት የተቀመጠው ድንጋይ ነው። ለቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የጢያ ትክል ድንጋዮች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በ1972 ዓ.ም. ነው፤ እነማን እንዳቆሟቸው ግን እስካሁን በውል አልታወቀም። የእኛዎቹ በዚህ ይበልጣሉ። ማን እንዳቆማቸው፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ሥልጣን እንደቆሙ ማንም ማንበብ የቻለ ያነባል። ተመራማሪ የሚፈልገው ለምን እንደቆሙ ብቻ ነው።

በዜናው ሠራተኛ አልፈርድም። ምስኪኑ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ተብሎ ተቀጠረ። አለቃው አስተዳዳሪው ነው፤ የሚዘግበው አስተዳዳሪውን ነው፤ ዜናውን አይቶ ይውጣ የሚለውም አስተዳዳሪው ነው። ምን ያድርግ? ሐምሌ ላይ፣ ማዳበሪያ ዘግይቶ ገበሬው ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ሰሞን፣ ማይክሮፎኑን ይዞ ማሳ ሲወርድ ጨዋታው እንዲህ ይሆናል፦

«አባባ፣ በማዳበሪያ አቅርቦቱ ምን ያህል ተጠቃሚ ሆነዋል?»

«የቱ ማዳበሪያ፣ ልጄ?»

«እሺ፣ ሲመጣስ?»

«ሲመጣማ ማን ይጠላል!»

ማታ ዜናው ይወጣል፦ አርሶ አደሮች በማዳበሪያ አቅርቦቱ ደስተኛ መሆናቸውን ገለጹ። ሽማግሌው ፎቶው ላይ እየሳቁ ነው። የሳቁት በጥያቄው እንደሆነ ፎቶ አይናገርም።

ይህ ቀልድ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ደጋው ስንዴ አምራች ነው፤ የስንዴ ጠላት ደግሞ ዋግ ነው። በ2003 የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ ተነሥቶ በሰፊው ተዘርተው የነበሩትን ኩብሳና ገላማ የተባሉ ዝርያዎች ፈጃቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የግንድ ዋግ መጣና ገበሬው ብዙ ተስፋ የጣለበትን፣ በዚያው በአርሲ ምድር ስም የተጠራውን ዲገሉን መታ። ቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከአሰላ ቁልቁል ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ዘር ሲያወጣና ዋግን ሲከታተል ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። መስከረም ላይ ለሳጉሬ ገበሬ ዜና የሚባለው ዋጉ የት ደረሰ፣ የትኛውን ዝርያ ያዘ፣ መድኃኒቱ የት ነው፣ በስንት ብር የሚለው ነው። በወረዳው ዜና የሚያገኘው ግን ሰብሉ በጥሩ ቁመና ላይ እንደሚገኝ አስተዳዳሪው በመስክ ምልከታቸው መናገራቸውን ነው። ዋጉ ዜና ስለማይከታተል ሥራውን ይቀጥላል።

ወረዳ ሥራ አይሠራም የሚል ካለ ደግሞ ሐሜተኛ ነው። ከኢኒሼቲቭ ብዛት መተንፈሻ የለውም! የአሠራር ለውጥ ነው ተብሎ ቢፒአር መጣ፤ የቢሮ ግድግዳ ፈርሶ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ አዳራሽ ተቀመጠ። የሥራ ምዘና ነው ተብሎ ቢኤስሲ መጣ፤ ሁሉም ለራሱ ነጥብ ሰጠ። ካይዘን ከጃፓን መጣ፤ መደርደሪያው ላይ ስያሜ ተለጠፈ። አንድ ለአምስት ተደራጀን፣ የልማት ሠራዊት ሆንን፣ በየመሥሪያ ቤቱ በር የዜጎች ቻርተር ተሰቀለ። በ2015 የሌማት ትሩፋት መጣ። ኮሪደር ልማት ደግሞ በ2016 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በየክልሉ ከተሞች ደረሰ። ከእነዚህ ውስጥ መልካም ሐሳብ ያላቸው ነበሩ፣ አሉም። እኔን የሚደንቀኝ ማናቸውም ቀብር የሌላቸው መሆኑ ነው። ይህን አስገኘ፣ ይህን አበላሸ፣ በዚህ ቀን ተዘጋ የተባለለት ኢኒሼቲቭ አላየሁም። አዲሱ ባነር በአሮጌው ባነር ላይ ይወጠራል፤ ብረቱ ያው ነው።

ቁጥር አንወድም እንዳትሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአገሪቱ በአንድ ጀንበር የተተከለው ችግኝ 353,633,660 መሆኑ ተነግሮናል። ያን ሁሉ ኮረብታ አካሎ የመጨረሻዋን 60 ችግኝ ሳያስቀር የቆጠረ ሰው ሊሸለም ይገባል። የጸደቀው ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ያ ሁሉ አኃዝ ይጠፋና መልሱ መቶኛ ይሆናል። መቶኛ ጥሩ ነገር ነው፤ ወጥቶ የሚቆጥረው የለም። የወረዳ የዘጠኝ ወር ሪፖርትም እንዲሁ ነው። አፈጻጸሙ 97 ከመቶ ነው፤ የቀረችው 3 ከመቶ የተሽከርካሪ እጥረት ናት፤ ለእሷም አቅጣጫ ተቀምጧል።

አሰላ ግን ጥፋቷን ራሷ አትማ የምታወጣበት ዘመን ነበራት። በ1960 ዓ.ም. ግድም የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን፣ ካዱን፣ እዚሁ አቋቋሙ። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድርና የተዳቀለች ላም ለጭላሎ ገበሬ ያቀረበው እሱ ነው። ካዱ አንድ መጥፎ ጠባይ ነበረው፤ ያደረገውን እየለካ ያትም ነበር። በ1964 ሄኖክ ክፍሌ ስለ ትራክተር እርሻ ያጠኑት ጽሑፍ በካዱ ኅትመትነት ወጣ። ባለመሬቶች በአዲሱ እርሻ ትርፍ ተስበው መሬቱን በትራክተር ለማረስ ጭሰኛውን እያስነሡት እንደነበር የሚያሳይ ነው። ልብ በሉ፤ ልማቱ ድሃውን ከመሬቱ እያስነቀለ መሆኑን ያሳተመው የልማቱ ድርጅት ራሱ ነው። እንዴት ያለ የኮሙኒኬሽን ክፍተት! የዛሬ ጎበዝ ባለሙያ ቢያገኙ ኖሮ «ጭሰኞች ወደ አዳዲስ የሥራ መስኮች በስፋት እየተሸጋገሩ ነው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገላግላቸው ነበር። (ያን ዘመን የናፈቅሁ የሚመስለው አንባቢ ካለ ይረጋጋ፤ ጭሰኛው የተነቀለው በዚያው ዘመን ነው።)

ነገሩ የጠባይ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም አለበት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጥቅል በጀት ወደ ወረዳ ሲወርድ ኖሯል፤ አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ እንደሚያልቅ በወረዳ ምክር ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ለሥራ የሚተርፈው እፍኝ ናት። በእፍኝ ብር የመስኖ ግድብ አይሠራም፤ የመስኖ ግድብ ማስጀመሪያ ግን በሚገባ ይሠራል፤ ድንኳን፣ እምነበረድ፣ አንድ ሰንጋ። አስተዳዳሪውም ወንበሩ ሳይሞቅ ይዛወራል። እሱ የጀመረውን ተተኪው ቢጨርስለት ምርቃቱ የተተኪው ነው፤ ተተኪው ደግሞ ቀዳሚው የጀመረውን ሲጨርስ እምነበረዱ ላይ ያለው የሌላ ሰው ስም ነው። ማን ለሌላ ሰው ድንጋይ ላቡን ያንጠፈጥፋል? የራሱን ድንጋይ ማቆም ይሻለዋል። እንዲህ ሲታሰብ ከሞኝነት ይልቅ ብልጠት ይመስላል፤ የሚከፍለው ገበሬው እስከሆነ ድረስ።

ግፍ አልናገርም፤ ያለቁም አሉ። ኢፋ ቦሩ ከተባሉት የኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ግድግዳቸው ቆሞ፣ ልጆች ገብተው የሚማሩባቸው አሉ። እነዚህ ግን የክርክሬን ውበት ስለሚያበላሹ በፍጥነት አልፋቸዋለሁ፤ የወረዳ ዜናም ጥፋትን የሚያልፈው በዚሁ ፍጥነት ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። በአሰላ ስታዲየም ዓመታዊ የ10 ሺህ ሜትር የማስጀመሪያ ውድድር ይዘጋጅ። የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች በመነሻው መስመር ላይ ይቁሙ። ሽጉጡ ሲተኮስ ሁሉም በአንድነት አንድ ሜትር ይራመዱ፣ ፎቶ ይነሡ፣ ለቀሪው 9,999 ሜትር አቅጣጫ ያስቀምጡ። ሜዳሊያውን ከበቆጂ የመጣ አንድ ጡረተኛ ሯጭ ያጥልቅላቸው፤ ፊቱን ግን ካሜራ ባያሳየው ይመረጣል። ከስታዲየሙ በኋላ የልምድ ልውውጥ አዳማ ሆቴል ውስጥ ይቀጥል። የደጋ ችግር ቆላ ወርደው ካልተወያዩበት መፍትሔ እንደማይገኝለት የአበል መክፈያ ቅጹ ይመሰክራል።

ሜዳሊያው እስኪደርስ ለእናንተ ለአንባቢዎች አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ ለጠየቀ ሰው መሥሪያ ቤቱ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በቀበሌያችሁ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ካለ፣ ስንት ብር ተመደበ፣ ስንቱ ወጣ፣ መቼ ያልቃል ብላችሁ ጻፉና ወረዳ ሂዱ። የኮሙኒኬሽኑ ልጅ ደግ ነውና ሻይ ልጋብዛችሁ ቢል ጠጡለት፤ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ የገቢ ቁጥሩን ሳትቀበሉ ግን እንዳትወጡ።