ጠራቢውን ለመካድ የሚያገለግል መመሪያ

አንድ የጥንት ሥራ «ዛሬ በጠፋ ረቂቅ ቴክኖሎጂ የተሠራ ነው» ብሎ ለማመን ዋናው ዝግጅት ከድንጋዩ መራቅ ነው። ላሊበላ ከደሴ በወልዲያ በኩል የአንድ ቀን መንገድ ቢሆንም፣ መሳሳት የሚፈልግ ሰው ከላይ የተነሣውን የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶግራፍ አይቶ መደነቁ ይበቃዋል። ግድግዳው ሥር ከቆመ በቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የጠራቢው መሣሪያ የተወውን ጭረት በዓይኑ ያያል። ሥራው ከጣሪያ ወደ ታች የወረደ በመሆኑም ወደ ላይ የተሰቀለ ድንጋይ የለም፤ የወጣው ፍርስራሽ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሥራውን ለእንግዳ መስጠት ይገባል። ብሪታንያዊው ጸሐፊ ግራሃም ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ቴምፕላር የተባሉት የመስቀል ጦር ፈረሰኞች በላሊበላ እጃቸው ሊኖርበት እንደሚችል ጠቁሟል። የቅዱስ ላሊበላ ገድል እንኳ በሥራው ረዱ የሚላቸውን መላእክት ከሰው ሠራተኞች ጎን ያቆማቸዋል እንጂ ሠራተኞቹን አያባርርም።

ከአክሱም ደግሞ የቆመውን ሐውልት ብቻ መጥቀስ፣ የወደቀውን መዝለል ነው። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ገደማ ክብደት ይዞ ተሰባብሮ ተጋድሟል። ብዙ ተመራማሪዎች ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ ይላሉ። ከከተማው በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የጎበድራ ካባም ድንጋዩን ለመፈንቀል የተቆፈሩት የሽብልቅ ጉድጓዶች ተሰልፈው ይታያሉ። የደፈረ፣ የሞከረ፣ አንዳንዴም ያልተሳካለት የሰው ልጅ ሥራ መልኩ ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ መቅደላን መርሳት የግድ ነው። ጭነት መኪና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት የሚወጣው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ግን ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ያለ አንዳች ሞተር አንቀሳቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገዱን ራሳቸው እየጠረጉ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየወረዱና እየወጡ፣ በመጋቢት 1868 መቅደላ አደረሱት። ምስጢሩ የሰው ብዛት፣ ጉልበትና ስድስት ወር ገደማ ትዕግሥት ነበር። መድፉ ዛሬም እዚያው ደቡብ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ አለ።