ዜሮ ባዶ መስሎኝ

በቁስቋም ሰፈር «ኮምፒውተር አዋቂው» የሚባለው ሰው እኔ ነኝ። ማዕረጉን ያገኘሁት እንዲህ ነው። አንድ የሰፈራችን ካህን ስልካቸው ደርቆባቸው ይዘውት መጡ። ተቀበልሁና አጥፍቼ አበራሁት፤ ሠራ። መረቁኝ፣ ለሰውም አወሩልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማይበራ ቴሌቪዥን፣ የማይሞላ ባትሪ፣ ሌላው ቀርቶ የሚያጨስ የምጣድ ሶኬት ሳይቀር እኔ ደጅ ይመጣል። «አላውቅም» ብዬ የመለስሁት ሰው የለም። ዕቃውን አገላብጬ አየውና «ሲስተሙ ነው» እላለሁ። ባለቤቱም ሲስተም ምን እንደሆነ እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ሁለታችንም አናውቅም።

የዛሬው ኑዛዜዬ ግን በሰው ዕቃ ላይ ስለሠራሁት አይደለም። በራሴው ኮምፒውተር ላይ ስለሠራሁት ነው።

በየዓመቱ የጽጌ ወቅት ሲያበቃ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም ማርያም ትነግሣለች። የዚያን ዕለት የጎንደር ሰው ዳገቱን ይወጣል፤ ሰፈሩ ነጭ ይለብሳል። እኔም ካሜራዬን አንግቤ ከእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍራሽ ሥር እቆማለሁ። ከ2003 እስከ 2014 ዓ.ም. አንድም ዓመት አላጓደልሁም። ጃንጥላው፣ መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ግንብ ላይ የተንጠላጠለው ሕፃን፣ ሁሉም ኮምፒውተሬ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ «ቦታ የለኝም» አለ። የእህቴ ልጅ፣ ያኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር፣ አየና «ጋሼ፣ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ያስጨምሩበት» አለኝ። ልብ በሉ፣ «ያስጨምሩበት» ነው ያለው። «ይጨምሩበት» አላለም።

ያልተማሩትን ሙያ በድፍረት መሥራት በቁስቋም ከእኔ የጀመረ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ የፈንጣጣ ወረርሽኝ ነበር። ሰውየው በትምህርቱ ሐኪም አልነበረም፤ በመንገዱ የቃረመው ጥቂት እውቀት ነበረው። እዚሁ ቁስቋም፣ በምንትዋብ ግቢ፣ የእቴጌዋን ቤተሰብ እንዲያስታምም ተጠራ። የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፈተ፣ ክፍሎቹን አጠነ፣ ሕፃናቱን አስታመመ። ተሳካለትና የቤተ መንግሥት ሰው ሆነ። እኔ ይህን ታሪክ ለቱሪስት ስተርክ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከታሪኩ የተማርሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በር መክፈት። የሲፒዩውን በር ከፈትሁ።

(ሲፒዩ ስል ቆርቆሮውን ሣጥን ማለቴ ነው። የእህቴ ልጅ «ሲፒዩ ማለት ውስጥ ያለችው ትንሿ ካሬ ናት እንጂ ሣጥኑ አይደለም» ይላል። አገሩ ሁሉ ሣጥኑን ሲፒዩ ሲል እኔ ብቻ ለምን እታረማለሁ?)

ዲስኩን ከፒያሳ ገዛሁ፤ አንድ ቴራ ባይት። በባጃጅ ስመለስ እንደ ጨቅላ ጭኔ ላይ አቀፍሁት፤ ይህችን እንኳ በደንብ አድርጌያለሁ። ውስጡ መስታወት የሚመስል ሳህን አለ፤ ሲሠራ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል። የሚያነበው ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ፣ ዓይን በማያየው ርቀት ከላዩ ይንሳፈፋል፤ ከነካው ይፍቀዋል። የቁስቋም ኮረኮንች ደግሞ የጤነኛ ሰው አንጀት ያላቅቃል። እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም የሠራው የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ 50 ሳህኖች ነበሩት፤ አንድ ቶን ገደማ እየመዘነ የሚይዘው አምስት ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ አንዷ የእኔ ፎቶ ያንን ትሞላዋለች። ይህን ሁሉ ለባጃጁ ሹፌር አስረዳሁት። እሱም «አዋቂ ነዎት» አለኝ። ይኸው፣ በሽታዬ እዚህ ላይ ነው።

ቤት ደርሼ ካቻቢቴ አነሣሁ። ሶኬቱን ሳልነቅል ነበር ልገባበት የነበረው፤ ልጁ ሮጦ ነቀለው። ብሎኖቹ አልገጠሙም። ለካ የሃርድ ዲስክ ብሎን ጥርሱ ወፈር ያለ ነው፤ እኔ የያዝሁት የሲዲ ማጫወቻውን ቀጭን ብሎን ነበር። አንዱ ሾልኮ ማዘርቦርዱ ሥር ገባ። ሣጥኑን አንሥቼ እንደ ወንፊት ነቀነቅሁት። ብሎኑ ወጣ፤ አብሮት የአሥር ዓመት የጎንደር አቧራ፣ አንድ የሞተ በረሮና የሽሮ ዱቄት የሚመስል ነገር ወጣ። ዲስኩን በፕላስተር አሰርሁት።

ቀጥሎ ገመድ። ሃርድ ዲስክ ሁለት ገመድ ይፈልጋል፤ ቀጭኑ መረጃውን ወደ ማዘርቦርዱ ያመላልሳል፣ ሰፊው ከፓወር ሳፕላዩ መብራት ያመጣል። እኔ ቀጭኑን ብቻ ሰካሁ። ፍላሽ በአንድ ቀዳዳ ተሰክቶ ይሠራ የለም እንዴ? ኮምፒውተሩን ከፈትሁ፤ አዲሱ ዲስክ አልታየም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁት፤ እንደሚፈላ ቡና። ከዚያ ያው የተለመደውን ፍርዴን ሰጠሁ፦ «ሲስተሙ ነው።» ልጁ ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠና «ጋሼ፣ እየዞረ አይደለም እኮ፤ መብራት አልሰጡትም» አለኝ። «ልፈትንህ ብዬ ነው» አልሁት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አላፈርሁም።

መብራቱን ሰካን። ልጁ እዚህ ላይ አንድ ምክር ሰጠኝ፤ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። «ጋሼ፣ አዲሱን ፎርማት እስኪያደርጉ ድረስ የድሮውን ዲስክ ይንቀሉትና ይቆይ። ከሌላ ኮምፒውተር ላይ እንሠራዋለን። እንዳይሳሳቱ።» አሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው «እንዳይሳሳቱ» የሚለኝ! «ሂድና ጥናትህን አጥና» ብዬ አባረርሁት፤ በሩንም ዘጋሁ።

ብቻዬን ቀረሁ። ዲስኮቹን የሚያሳየውን ገጽ ከፈትሁ። ሁለት መስመር አለ፤ «ዲስክ 0» እና «ዲስክ 1»። ከአንዱ አጠገብ 465፣ ከሌላው አጠገብ 931 ተጽፏል። የገዛሁት አንድ ሺህ ጊጋ ባይት ነው፤ አንድ ሺህ የሚል ግን የትም የለም። ነጋዴው 69 ጊጋ ባይት በላኝ ብዬ ጦፍሁ። (ነገሩ ሌብነት አልነበረም። አምራቹ በ1000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። የእኔ የድሮው ዲስክም ስገዛው 500 ነበር፤ 465 ሆኖ ስንት ዓመት ሲኖር አላየሁትም። ይህን ሳላውቅ በማግስቱ ሱቁ ሄጄ የጮህሁትን ጩኸት መናገር አልፈልግም።) በዚያ ንዴት ላይ ሆኜ ነው እንግዲህ የመረጥሁት። አስተሳሰቤን ልንገራችሁ። ዜሮ ማለት ባዶ ነው፤ አዲሱ ዲስክ ደግሞ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ዲስክ 0 አዲሱ ነው። ኮምፒውተር ቆጠራ ከዜሮ እንደሚጀምር፣ ዲስክ 0 ማለት የመጀመሪያው፣ የድሮው ማለት እንደሆነ ማን ነገረኝ? በዲስክ 1 ላይ የተሰመረው ጥቁር መስመር ገና ያልተከፋፈለ ባዶ ቦታ ነው ማለት ነበር፤ ለእኔ ግን ጢም ብሎ የሞላ መሰለኝ። ይባስ ብሎ ዲስክ 0 ላይ «ኒው ቮልዩም» የሚል ተጽፏል። ኒው! አዲስ ነኝ እያለኝ ነው። የአገራችን ኮምፒውተር ሁሉ «ዲ» የምትባለውን ክፍል «ኒው ቮልዩም» ብሎ እንደሚጠራት፣ ፎቶዎቼም የተቀመጡት እዚያ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው የእህቴ ልጅ ፊት ለፊት የሠራልኝን አቋራጭ ምልክት ብቻ ነው፤ እሷን ስጫን ፎቶዎቼ ይመጣሉ።

ፎርማት አልሁ። ኮምፒውተሩ ረዘም ያለ እንግሊዝኛ ጻፈ። እንግሊዝኛ ሲረዝምብኝ «ኦኬ»ን እጫናለሁ፤ ተጫንሁ።

ጥቂት ሰከንድ ወሰደ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል የምንትዋብ ቁስቋምም ከተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ነበረች። የዛሬዋ ከዚያ በኋላ የታነጸች ናት። ደርቡሽ ግን ለዚያ ሥራው ጦር አስከትቶ ነው የመጣው። ለእኔ አንድ ካቻቢቴና አንድ «ኦኬ» በቅተውኛል።

አቋራጯን ስጫን «አላገኘሁም» ስትለኝ ገባኝ። ያን ጊዜ ልጁን ብጠራው ሁሉም ይተርፍ ነበር። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ፈጣን ፎርማት ፎቶውን አያጠፋም፤ ማውጫውን ብቻ ነው የሚቀድደው። ገጾቹ በቦታቸው አሉ፣ የት እንዳሉ የሚናገረው ነው የጠፋው። ሌላ ነገር ካልተጻፈባቸው በፍለጋ ይገኛሉ። እኔ ግን ባዶው ክፍል እንዳያሳጣኝ ሞልቶ መታየት አለበት ብዬ ከፍላሼ ላይ አሥራ አንድ ፊልም ገለበጥሁበት። ማውጫው የተቀደደ መጽሐፍ ላይ ቀለም አፈሰስሁ ማለት ነው። ስሕተቱ ያጠፋው ምንም አልነበረም፤ ያጠፋው መደበቄ ነው።

ልጁ ከሦስት ቀን በኋላ ደረሰበት። አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዲስኩን ነቅሎ ወሰደ፣ የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ሁለት ሌሊት ሙሉ ፈለገ፣ ያገኘውንም አዲሱ ዲስክ ላይ አስቀመጠው። ፎቶዎቹ ስማቸውን አጥተው ቁጥር ብቻ ይዘው ተመለሱ። ካሜራው የተነሡበትን ቀን መዝግቦ ይሆናል ተባለ፤ የካሜራዬን ሰዓት ግን አንድም ጊዜ ሞልቼው አላውቅም። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመት ኅዳር 6 ሁሉ የተነሣው በአንድ ቀን ነው፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 1። ዓመቱን የለየነው በልጆች ቁመትና በዲያቆናት ጢም ነው።

የ2006 እና የ2007 ፎቶዎች ከነጭራሹ አልተገኙም። ፊልሞቹ ያረፉት እነሱ ላይ ነበር።

የጎረቤታችን የእቴቴ ባል በ2007 ዓ.ም. ኅዳር 6 ቀን፣ መቋሚያ ተደግፈው፣ ግንቡን ተጠግተው ተነሥተው ነበር። በዓመቱ ዐረፉ። እቴቴ ያንን ፎቶ አሳጥቤ እንድሰጣቸው በየዓመቱ ይለምኑኝ ነበር፤ እኔም በየዓመቱ «ነገ» እል ነበር። ከነገሩ በኋላ ቡና ሊጠሩኝ መጥተው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው፤ ማለቴ፣ ግማሹን።

«ያ ዕቃ በላው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ዕቃው በላው። ሲስተሙ ነው።»

«ምን ታደርግ ልጄ፣ ዕቃ መቼም አይታመን። አንተስ ደክመህበት ነበር» አሉና አቦሉን ቀዱልኝ። ጠጣሁት። በሰፈሩም የተረፉትን ፎቶዎች ያዳንኋቸው እኔ እንደሆንሁ ይወራል፤ አንድም ቀን አላስተባበልሁም። የእህቴ ልጅ ይሰማል፤ ዝም ይላል።

እቴቴ፣ ዕቃው አልበላውም። እኔ ነኝ።

በ2006 ወይም በ2007 ዓ.ም. ኅዳር 6 ቀን ቁስቋም ወጥታችሁ ፎቶ ያነሣችሁ፣ በሞባይልም ቢሆን፣ ደብዛዛም ቢሆን፣ ግንቡ ሥር መቋሚያ የተደገፉ ሽማግሌ ካያችሁበት እባካችሁ አምጡልን። የሚገለብጠው የእህቴ ልጅ ነው፤ እኔ ገመድ አልነካም።