አሮጌ የጎልፍ ሜዳን ወደ አዲስ ጨዋታ ሲያሻግሩ ማበላሻው መንገድ

ማንንም ሳትጠይቅ ጀምር። የሜዳው ፋይል እጅህ ላይ ነው፤ አዲሱን ጨዋታ ገዝተሃል፤ ሠሪው ደግሞ ከሃያ ዓመት በፊት ጨርሶት ወደ ኑሮው የተመለሰ ሰው ነው። አንድ መስመር ጽፈህ «ሜዳህን ወደ አዲሱ ጨዋታ ላሻግረው ወይ?» ብትለው ምናልባት እሺ ይልሃል። ያነሳቸውን ፎቶዎች፣ የሳላቸውን ንድፎች፣ ሳያርማቸው ያለፋቸውን ስህተቶች ሁሉ ዘርግፎ ይሰጥህና ሥራው ይቃናል። ሜዳው እንዲበላሽ ከፈለግህ ይህን በር ከመነሻው ዝጋው።

በር የምትዘጋበት ሰው ምን እንደሠራ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2000 «ሊንክስ 2001» የተባለው የኮምፒውተር ጎልፍ ሲወጣ፣ በታዋቂው ጎልፍ ተጫዋች በአርኖልድ ፓልመር ስም የተጠራ የሜዳ መንደፊያ ፕሮግራም አብሮት መጣ። የጨዋታው ወዳጆች ከሥራ መልስ ማታ ማታ ተቀምጠው፣ የመሬቱን ከፍታ ነጥብ በነጥብ እያነሱና እያወረዱ፣ 18 ሆል ያላቸው ሙሉ ሜዳዎች ሠርተው በነጻ አከፋፈሉ። «ሊንክስ 2003» ሲመጣ እነዚያን ሜዳዎች ለአዲሱ ማደስ ተጀመረ። ሊንክስ ራሱ ከቆመ በኋላም ሥራው አልቆመም። በ2014 «ዘ ጎልፍ ክለብ» መጣ፤ ከዚያም የእሱ ወራሽ «ፒጂኤ ቱር 2ኬ» ተከተለ። ጨዋታው በተለወጠ ቁጥር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የድሮውን ሜዳ እንደገና ያነሳዋል። እኔ ይህን ሥራ ከቅርስ ጥበቃ ለይቼ አላየውም።

እንግዲህ ሥራውን ከዛፎቹ ጀምር። በድሮው ጨዋታ ዛፍ ማለት መሬት ላይ የቆመ ጠፍጣፋ ፎቶ ነበር፤ ዛሬ ቅጠሉ በነፋስ ይወዛወዛል፣ ጥላውም ከፀሐዩ ጋር ይዞራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ እስኪያቃስት ጥድ ትከል። ዓይን ስለሚማርክ ሌላው ሁሉ የተሠራ ይመስላል።

ግሪኑን፣ ማለትም ቀዳዳው ያለበትንና ሣሩ ምንጣፍ እስኪመስል የሚታጨደውን መደብ፣ እንዳለ ተወው። ጥፋቱ የሚሰምረው እዚህ ነውና ትንሽ ቆም ብለን እንየው። የግሪን ፍጥነት የሚለካው ስቲምፕሜትር በሚባል ቀላል መሣሪያ ነው። ኳሷ ከአንዲት ያዘነበለች አሸንዳ ላይ ትለቀቅና ደልዳላ ቦታ ላይ ስንት ጫማ ተንከባልላ እንደቆመች ይለካል። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን ሐሳቡን ያመነጨው በ1935 ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር አገሩን ዞሮ ሲለካ ያገኘው አማካይ ስድስት ተኩል ጫማ ገደማ ነበር፤ ዛሬ በትላልቅ ውድድሮች 12 እና 13 መድረሱ የተለመደ ነው። አዳዲሶቹ ጨዋታዎችም እንዲህ ያለ ፈጣን ግሪን ይሰጡሃል።

አሁን በአንድ ሜትር ርቀት ሰባት ሴንቲሜትር የሚወርድ ተዳፋት አስብ። ፍጥነቱ ስድስት ተኩል በሆነ ግሪን ላይ ኳስ እዚህ ተዳፋት ላይ ትቆማለች። ፍጥነቱ 13 ሲሆን ግን ሣሩ ሊይዛት አቅም የለውም። ተጫዋቹ ከቀዳዳው በላይ፣ ሁለት ሜትር ላይ ቆሟል። ኳሷን ነካ ያደርጋታል። 10.8 ሴንቲሜትር ስፋት ያላትን ቀዳዳ በጣት ውፍረት ስታ ታልፋለች፤ ፍጥነቷ ይሞታል፤ የቆመች ይመስላል። ከዚያ ላይዋ ላይ ያለችው መስመር ቀስ ብላ ትዞራለች፤ አንዴ፣ እንደገና፤ ኳሷም ግሪኑን ለቅቃ እስከ አሸዋው ጉድጓድ ትወርዳለች። ሁለተኛም ሦስተኛም ሲሞክር ያው ነው። ተጫዋቹ የሚያማው አንተን አይደለም፤ «ይህን ሜዳ የነደፈው ሰው ጎልፍ አያውቅም» ይላል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው ያንን ተዳፋት ያበጀው ኳሷ የት ቀስ ብላ እንደምትቆም ደጋግሞ አይቶ ነው። ባንዲራውን አንድ ሁለት ሜትር ማዛወር፣ ወይም ከሥሩ ያለውን ተዳፋት በሜትር ወደ ሁለት ሴንቲሜትር ማላላት፣ ወይም የግሪኑን ፍጥነት መቀነስ ይበቃ ነበር። ለ18ቱም አንድ ምሽት ወይም ሁለት ቢፈጅ ነው። አንተ አታድርገው።

ይህ ካልበቃህ ላይዳር አለልህ። ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካ የመሬት ከፍታ ነው፤ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ለሕዝብ በነጻ ይሰጠዋል፤ ለኮረብታና ለሸለቆ ወደር የለውም። አንተ ግን በእጅ በተበጁት ግሪኖች ላይም ደፋው። የተለመደው ልኬት ከፍታን በአሥር ሴንቲሜትር ገደማ ሊስት ይችላል። አምስት ሜትር ርዝመት ያለው ለስላሳ የግሪን ተዳፋትም ከላይ እስከ ታች የሚወርደው አሥር ሴንቲሜትር ያህል ነው። የመለኪያው ስህተትና የግሪኑ ቅርጽ እኩል ናቸው ማለት ነው። በአንድ ጠቅታ፣ ዓይን ለወራት ያበጀውን ታጠፋለህ፤ «ከእውነተኛ መረጃ የተሠራ» ብለህም ትጽፍበታለህ።

ሜዳው የየትኛው ዓመት እንደሆነም አትመርምር። ኦጋስታ ናሽናልን ውሰድ፤ ፈቃድ ባልነበራቸው ጨዋታዎች ውስጥ ያስገቡት አፍቃሪዎቹ ናቸው። አሥራ ሰባተኛው ሆል ላይ የአይዘንሃወር ዛፍ የሚባል 20 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጥድ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ኳሳቸው እየተላተመበት ስላስቸገራቸው በ1956 በክለቡ ስብሰባ ላይ ይቆረጥ ብለው ነበር፤ ሰብሳቢው ክሊፎርድ ሮበርትስ ስብሰባውን በትኖ ዛፉን አዳነው። በየካቲት 2014 የበረዶ ማዕበል ጎዳውና ተነሣ። አሥራ ሦስተኛው ሆል ደግሞ ለ2023 ውድድር ከ510 ወደ 545 ያርድ ረዘመ። ዛፉ በቆመበት ዘመን አሥራ ሦስተኛው 545 ያርድ ሆኖ አያውቅም። አንተ ዛፉንም ተወው፣ መነሻውንም ወደ ኋላ ሳበው፤ በየትኛውም ዓመት ያልነበረ ኦጋስታ ታገኛለህ። የድሮው ሠሪ የ2003ን ሜዳ ሠርቶ ከሆነ የ2003 ሆኖ ቢሻገር እመርጣለሁ፤ ያንን ሜዳ ዛሬ በእግሩ ሄዶ ሊያየው የሚችል ሰው የለምና።

ሙከራው ቀላል ነው፤ ከአንድ መነሻ፣ ወደ አንድ ባንዲራ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን አንዴ ብቻ ተጫወተው። አጭር የሚመታ ጀማሪ ኩሬውን መሻገር ይችል እንደሆነ አታጣራ።

ከዚያ ሜዳውን በራስህ ስም አውጣው። በመግለጫው ላይ «የመጀመሪያው ሠሪ እገሌ» የምትል አንዲት መስመር ነበረች፤ አጥፋት። አሮጌውንም ፋይል ቦታ ያዘ ብለህ ሰርዘው። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው አሥራ ሁለተኛው ግሪን ላይ ኳሷ ለምን አልቆም እንዳለች ገርሞት ድሮ የት ትቆም እንደነበር ለማየት ቢፈልግ፣ የሚከፍተው ፋይልም፣ ደውሎ የሚጠይቀው ሰውም አያገኝም።