«ብቻህን ነህ?»

ድብ ባሕር ድብም ባሕርም የላትም። ከሊማሊሞ ጥምዝምዝ መንገድ ግርጌ፣ ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ በሚወርደው ጎዳና ላይ ተቀምጣ ሽቅብ ገደል፣ ቁልቁል ቆላ ታያለች እንጂ ማዕበል አይታ አታውቅም። ድቡማ በመላ ኢትዮጵያም የለ። ስሟ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ አዋቂ አይጠፋም ይሆናል፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ስሟ እንዳለ ይበቃናል። ባሕር ሳይኖረው ባሕር ብሎ የሰየመ አገር ስለ ደሴት ቢከራከር ድፍረት ነው አይባልም። እናም ከዚህ ደረቅ ባሕር ተነሥቼ የምከራከርለት ነገር ይህ ነው፦ በሥዕሉ የታወቀ ደሴት ለማየት የሚነሣ ሰው ብቻውን መሄድ አለበት። «ቢሄድ ይሻለዋል» አላልኩም፤ አለበት ነው ያልኩት።

«ብቻህን ነህ?» በእኛ አገር ጥያቄ አይደለም፤ የምርመራ መክፈቻ ነው። ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ መናኸሪያ የደረሰ መንገደኛ ይጠየቃል። ዳባት ላይ አጠገቡ የተቀመጠው ይጠይቀዋል፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆሎ የምትሸጠው ትጠይቀዋለች፤ ጎንደር ሲገባ ደግሞ አልጋ የሚያከራየው ሰውዬ መልሱን እንኳ ሳይጠብቅ «ሌሎቹ መቼ ይደርሳሉ?» ይለዋል። በአዘዞ፣ በቆላ ድባ በኩል አድርጎ ጎርጎራ ወርዶ ጣና ዳር እስኪቆም ድረስ አገር ምድሩ ሦስት ግምት ይዞ ይጠብቀዋል፤ ወይ ታሞ ጠበል ፍለጋ ነው፣ ወይ ከሚስቱ ተጣልቶ ነው፣ ወይ ዕዳ ሸሽቶ ነው። ለሦስቱም ይታዘንላቸዋል። «ሥዕል ለማየት ነው» ብሎ እውነቱን የተናገረ ግን ወዲያው ወደ መጀመሪያው ግምት ይመለሳል፤ ጠበሉ ይጠቆምለታል። ሕጉም ቢሆን ከሰዉ አይለይም። ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ እንግዳ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት አስከትሎ ነው፤ እዚያው ሣር የሚነጨው ጭላዳ እንኳ በመንጋ እንጂ በግሉ አይንቀሳቀስም። የጎንደር ነገሥታትማ ከሰው ተለይቶ መቀመጥን የቅጣት ያህል አድርገውት፣ ለዙፋን ያሰጋሉ የሚሏቸውን ልዑላን ወህኒ አምባ ላይ ያወጧቸው ነበር። እስር ቤትን «ወህኒ» ማለታችን ከዚያው አምባ የመጣ ነው ይባላል። ታዲያ እንዲህ ባለ አገር በፈቃዱ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ ለሁለት ቀን ብቻውን ውኃ መሐል የሚገባ ሰው ቢመረመር ምን ይደንቃል?

ይሁን እንጂ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርብናል። «ባሕታዊ» የሚለው ቃል ከባሕር ጋር ዝምድና የለውም፤ ከግእዙ «ባሕቲቱ» ነው የመጣ፤ ትርጉሙም «ብቻውን» ነው። «መነኩሴ»ም ከግሪክ ተሻግሮ የመጣው ያንኑ «ብቸኛ» የሚለውን ፍቺ ይዞ ነው። ብቻውን የሆነ ሰው ሲያጋጥመን የምናዝንለትን ያህል፣ ይኸው ሰው ቆብ ቢደፋ ወይም ጸጉሩን ቢያጎፍር ጎንበስ ብለን መስቀሉን እንሳለማለን። የቆሎ ተማሪውም አለ። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ ወንዝና በረሃ አቋርጦ፣ ቅኔውን ከጎጃም፣ አቋቋሙን ከጎንደር በዓታ የሚለቅመው ብዙ ጊዜ ለወላጆቹ ሳይናገር ነው። ውሻ እንጂ ሰው አይሸኘውም። ስለዚህ የብቻ ጉዞ ከውጭ የመጣ አመል ነው የሚለውን ክስ እዚህ ላይ እዘጋለሁ። እንግዳ የሆነብን ብቸኝነቱ ሳይሆን የመልስ ትኬቱ ነው። ለዓለም የሞተ ሰው ብቻውን ቢሄድ እናከብረዋለን፤ ሰኞ ሥራ የሚገባ ሰው ብቻውን ሲሄድ ግን ምን ነክቶት ነው እንላለን።

ሰኞ ሥራ የሚገቡትም ብቻቸውን ሥዕል እንዲያዩ ያሰበላቸው አገር ጃፓን ነው። ሴቶ በሚባለው የውስጥ ባሕራቸው ላይ ሦስት ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ናኦሺማ የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1917 የመዳብ ማቅለጫ ተተክሎባት ጭሱ ዛፉን አድርቆባት ነበር። በ1992 ቤኔሴ ሃውስ የተባለ ሙዚየምና ሆቴል በአንድ ጣሪያ ሥር ተከፈተባት፤ በ2004 ደግሞ ቺቹ የተባለው ሙዚየም ተጨመረ። ሁለቱንም የነደፈው አርክቴክት ታዳኦ አንዶ ነው። የቺቹ አብዛኛው ክፍል የመልክዓ ምድሩን መልክ እንዳያበላሽ ተብሎ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። (ላሊበላ ስለዚህ ጉዳይ አስተያየት ብትጠየቅ ብዙ የምትለው ይኖራት ነበር፤ እኔ ግን አልጠይቃትም።) እዚያ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የሞኔ የውኃ አበቦች የተሰቀሉበት ክፍል የሚበራው በፀሐይ ብርሃን ብቻ ነው። ደጁ ላይ ጫማ ይወልቃል፤ ፎቶ አይነሣም፤ ድምፅ ይቀነሳል። ጫማ አውልቆ፣ ዝም ብሎ፣ በመስኮት ብርሃን ሥዕል ማየት ለእኛ የእሑድ ጠዋት ሥራ ነው፤ እነሱ ትኬት ይቆርጡበታል። ለክርክሬ ዋናው ምስክር ግን ሌላ ነው። በዚያችው ደሴት መንደር ውስጥ ኪንዛ የምትባል ትንሽ አሮጌ ቤት አለች፤ ሬይ ናይቶ የምትባል ሠዓሊ ቤቷን እንዳለች የጥበብ ሥራ አድርጋታለች። መግባት የሚቻለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሚቆየውም 15 ደቂቃ። ባልና ሚስት ቢመጡ አንደኛው ውጭ ይጠብቃል። ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ ተከትሎ በሰልፍ በመጓዝ ዓለም የሚያውቀው ሕዝብ፣ ስለ ሥዕል ጠለቅ ብሎ ያሰበ ዕለት የደረሰበት ድምዳሜ «አንድ በአንድ» የሚል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ውኃ እንመለስ። ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል። ከእነሱ በአንዷ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙ የተጻፈበት የማርያም ሥዕል ተገኝቷል። ከዳጋ አጠገብ ባለችው በትልቋ ደቅ ደሴት ዳርቻ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። ክብ ነው፤ ውጭው ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሐሉ አራት ማዕዘኑ መቅደስ። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ከግድግዳው ጋር ተለጥፏል። ይህ አሠራር ለቡድን ጉብኝት ፈጽሞ አልታሰበም። መተላለፊያው ዙሪያውን የሚዞር ጠባብ ቀለበት ስለሆነ ሃያ ሰው ሲገባ አስጎብኚው ከፊት ሆኖ ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ያወራል፤ አሥራ አምስቱ ግን የሚያዩት የፊተኞቹን ማጅራት ነው። ካህኑ መጋረጃውን ገለጥ፣ ረዣዥሞቹን የእንጨት መዝጊያዎች ከፈት ሲያደርጉ ብርሃኑ ገብቶ ዓይን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ቡድን ደግሞ ጊዜ የለውም፤ ጀልባው ይጠብቀዋል፣ ምሳው ይጠብቀዋል፣ አንዱ ሁልጊዜ ሽንት ቤት ይፈልጋል። ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ እግሩ ደጅ ወጥቷል። በምንትዋብ ዘመን ያበበው የአሣሣል ስልት ፊትን በጥላ የሚያጎላ፣ የልብስን አበባ ሳይቀር የሚቆጥር፣ የጀርባውን ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ቀስ አድርጎ የሚያሻግር ነው። ያ ሽግግር የሚታየው ለቆመ ሰው ነው፤ የሚቆመው ደግሞ የሚገፋው የሌለ ሰው ነው።

የአገራችን ሠዓሊዎች ፍርድም ከእኔ ወገን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል፤ ክፉ ሰውና ሰይጣን ግን በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። አሁን ከጓደኞቹ ጋር የመጣውን ጎብኚ ልብ በሉት። ስልኩን አንስቷል፤ አንዱን ዓይን ጨፍኗል፤ ወደ ጎን ዞሮ «እዚህ ጋ ቁም፣ ትንሽ ጠጋ በል» ይላል። በሠዓሊው ሕግ ይህ ሰው ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ለአንባቢ እተዋለሁ። ብቻውን የመጣው ፎቶ የሚያነሣው ስለሌለ በሁለት ዓይኑ ያያል። ዳኛው ግድግዳው ላይ ተሥሎ ሳለ ሌላ ማስረጃ መቁጠር ትርፍ ነው።

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚል ይመጣል፤ በተለይ ናኦሺማን የሚያውቅ ሰው፣ ምክንያቱም የዚያች ደሴት ዝነኛ ሥራ የምር ዱባ ነው። ያዮይ ኩሳማ የሠራችው ቢጫ ዱባ ከነጥቁር ነጠብጣቡ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የባሕር ዳር መውረጃ ላይ ተቀምጧል። በ2021 ማዕበል ጠርጎ ባሕር ውስጥ ከተተው፤ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ተሠርቶ ተመለሰ። የእኛ ሰው ዱባውን በጾም ወጥ ነው የሚያውቀው፤ ለማየት ብቻ መርከብ የሚሳፈርለት አይመስለውም። ክርክሩ ግን ቁም ነገር አለው፦ እዚያ ያለው ለእይታ የተሠራ ጥበብ ነው፣ እዚህ ያለው ለጸሎት፤ ሥዕሉም ማንበብ ለማይችለው ምእመን መጽሐፍ ሆኖ ያገለገለው በጉባኤ ነው፤ ካህኑ በመቋሚያቸው እየጠቆሙ ለሕዝብ ያስተምሩበታል እንጂ ለአንድ መንገደኛ አልተሣለም። ይህን መካድ አልችልም፤ እውነት ነው። ነገር ግን በጉባኤ የሚገኘው የሥዕሉ ታሪክ ነው፤ ማን ማንን ወጋ፣ ማን ከማን ተወለደ። ሠዓሊው የቀሚሱን ጠርዝ እንዴት በአበባ እንዳስጌጠው፣ የፈረሱን ዓይን ለምን እንደዚያ እንዳሣዘነው ግን ማንም አያስተምርም። ለዚያ ሕዝቡ ከወጣ በኋላ የሚቀር ሰው ያስፈልጋል። ጸሎትም ቢሆን ቅዳሴው የማኅበር ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ግድግዳ ተደግፎ የሚቀረው ግን የግል ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውም አለ። ይሰር፤ አንበሳ ለማሰር ለሚሄዱ ሰዎች መልካም ጉዞ እመኛለሁ። ጠንከር ያለው ክርክር የኪስ ነው፤ ጀልባ ኮንትራት ሲያዝ ዋጋው ለአንድም ለአሥርም ያው ስለሆነ ብቻውን የሚሄድ የአሥር ሰው ይከፍላል። እዚህ ላይ ትንሽ እሸነፋለሁ። ኪሱ የማይችል ጀልባውን ከሰው ጋር ይጋራ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ግን ይለይ፤ ሌሎቹ በቀኝ ሲዞሩ እሱ በግራ ይዙር፣ ክብ ቤት ለዚህ ይመቻል። ጨርሶ ለማይችለው ደግሞ ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ ደሴት ባትሆንም ከውኃው ዳር ናት፣ ግድግዳዋም ሥዕል ጠግቧል። ሴት ብቻዋን ስትጓዝ «ብቻሽን ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ሦስት እጥፍ እንደሚከብድ፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤልም ሴት እንደማያስገቡ አውቃለሁ። ናርጋ ግን ያስገባል፤ ሴት ያሠራችው ነውና ባያስገባ ነበር የሚገርመው።

አንድ ክርክር ቀልድ አይወድም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት ምክንያት ብቻን መጓዝ የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ በጋራም መጓዝ እንደዚያው። ከድብ ባሕር ጎርጎራ ያልኩትን መንገድ በጣት እንደማሳየት ቀላል አድርጌ የጻፍኩት መንገዱ ቀላል ስለሆነ አይደለም። መንገዱ እስኪከፈት የሚጠብቅ ሰው ፈሪ አይባልም፤ ግድግዳው ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ቆይቷል፣ ጥቂት ቢጨምር አይከፋውም።

እቴጌ ምንትዋብ በዘመናቸው ከቁስቋም ደብር እስከ ቤተ መንግሥት እንኳ ያለ አጀብ የሚወጡ ሰው አልነበሩም። ናርጋ ግድግዳ ላይ ግን ልጇን ከታቀፈችው ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ፤ አጀቡ እዚያ የለም። ይህን ለማየት መንገዱ ሰላም ሆኖ የምትሄዱ ከሆነ ብቻችሁን ሂዱ፤ «ብቻህን ነህ?» ለሚላችሁ ሁሉ «ጠበል ነው» በሉና ተገላገሉ። ከጀልባ ከመውረዳችሁ በፊት ግን የመቅደሱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቁ፤ ቁልፍ ያዡ ደቅ መንደር ለቅሶ ደርሶ ከሆነ ማታ ነው የሚመለሰው።