ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

አገልግሎቱን ከመስኮት ወደ ድረ ገጽ ላዛወረው መሥሪያ ቤት

የመማር እክል ያለበት ሰው ድረ ገጽ ሲከፍት የሚፈተነው በማንበብ፣ በማስታወስና ሐሳብን በመሰብሰብ ነው። ዲስሌክሲያ ያለበት ፊደል ይደባለቅበታል፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት የረጅም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲደርስ መነሻው ይጠፋበታል። መሥሪያ ቤቱ ይህን አንድም ቀን ሳያጠና፣ መሰናክሉን ሁሉ ልክ እንዳጠና ሰው በየቦታው መደርደሩ ምስጋና ይገባዋል።

በቅድሚያ የሚመሰገነው ቋንቋው ነው። «ተገልጋዮች የሚጠበቅባቸውን ቅድመ ሁኔታ ስለማሟላታቸው ማረጋገጫ ሲያቀርቡ ብቻ የሚስተናገዱ መሆኑ ይታወቃል» የሚለው የፊት ገጽ ቅኔ ነው፤ ወርቁ «መታወቂያ ያቅርቡ» ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ሐሳቡ አንድ ብቻ ሆኖ ከጎኑ ገላጭ ሥዕል ቢኖር ኖሮ ወርቁ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ በተሰጣ ነበር።

ቀጥሎ መፈለጊያው ይመጣል። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ናቸው። «ሰራተኛ» ብሎ ለጻፈ ሰው «ሠራተኛ» የሚለውን ሰነድ መከልከል፣ ፊደል ለሚደባለቅበት ዜጋ የተዘጋጀ ድንገተኛ ፈተና ነው። ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ የሚቆጥር መፈለጊያ መሥራት ለባለሙያ ከባድ አይደለም፤ ፈተናውን ግን ያስቀራል።

የድርን ደረጃዎች የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኅብረት የተደራሽነት መመሪያውን መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መመሪያው ተገልጋዩ የጊዜ ገደብን ማጥፋት ወይም ማራዘም እንዲችል፣ ካልሆነም ገደቡ ከማለቁ በፊት ተነግሮት ለማራዘም ቢያንስ 20 ሰከንድ እንዲሰጠው ይላል። በራሱ ጊዜ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገርም ማቆሚያ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው እትም በአንድ ሂደት የተሞላ መረጃ ሁለተኛ እንዳይጠየቅ፣ መግቢያውም በማስታወስ ችሎታ ላይ ብቻ እንዳይመሠረት ጨምሯል። መሥሪያ ቤቱ በአንጻሩ የአያት ስም በሦስት ገጾች ይጠይቃል፤ አያት በየገጹ ሊለወጡ ይችላሉና። «ጊዜዎ አልቋል፤ እንደገና ይጀምሩ» የሚለው መልእክት ደግሞ የመስኮቱን «ነገ ይመለሱ» ከነሙሉ ክብሩ ወርሷል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን ተደራሽነት ይጠይቃል። ይህም ከባድ ወጪ አያስፈልገውም፤ የመስመር ክፍተትን ማስፋትና ጽሑፍን በግራ ብቻ ማስተካከል ዓይንን ያሳርፋል። ከሁሉ የሚበልጠው መለኪያ ግን የመማር እክል ያለበትን ሰው ከድረ ገጹ ፊት አስቀምጦ፣ የት ላይ እንደሚቆም ዝም ብሎ ማየት ነው። ይህ ከምረቃው በፊት ቢደረግ ኖሮ ሪባኑ ሳይቆረጥ በሰነበተ ነበር።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ለሚገኙ ማመልከቻ ጸሐፊዎች፤ ድረ ገጹ ሥራቸውን እንዳልነካባቸው እንዲያውቁት